ሙቀቱ 37.5 ይላል፤ ጫጩቱ ግን የለም

(ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በቤታቸው ጫጩት ለሚያስፈለፍሉ ሰዎች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ? ደኅና ናችሁ? ከደጀን፣ ከሉማሜ፣ ከአማኑኤል በሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ጠጋ በሉ። እማማ፣ እርስዎም ወዲህ ይምጡ። ዶሮ አስታቅፈው ያወጡ ሰው እዚህ መኖራቸው ለእኛ ጥሩ ነው፤ ስንሳሳት ያርሙናል።

ከዚሁ ልጀምር። አንዲት የጥሊሊ ዶሮ ቅርጫት ውስጥ ገለባ ተነጥፎላት 12 እንቁላል ስትታቀፍ ቴርሞሜትር አላት? የላትም። የእርጥበት መለኪያ አላት? የላትም። ግን ከ12ቱ አብዛኛውን አውጥታ እየመራች ትወጣለች። እኛ ደግሞ ማሽን ገዝተን፣ ወይ በፎም ሳጥን ሠርተን፣ 100 እንቁላል ከተን 30 ጫጩት እንቆጥራለን። ምን ጎደለን? እሷ ሆዷ ላይ ላባዋ ይረግፍና ባዶ ቆዳዋ ከእንቁላሉ ጋር ይነካካል። ሲቀዘቅዝ ታውቃለች፣ ሲሞቅ ታውቃለች፣ በምንቃሯ የዳሩን ወደ መሐል ትስባለች። እኛ ያለን አንድ ቀይ ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቁጥር ከዋሸ ሁሉም ነገር አብሮ ዋሸ።

ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ፦ መለኪያ፣ ሙቀት፣ እርጥበት። መብራት ሲጠፋ ምን እናድርግ የሚለውንም መሐል ላይ አስገባዋለሁ፤ እሱ ሳይነሣ ወደ ቤት እንደማትለቁኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን አስረዝመዋለሁ፤ አትሰልቹ።

አንደኛ፣ መለኪያ።

ጫጩት አልወጣ ሲል ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ሙቀቱን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ቆይ! ማን ነው ሙቀቱ ለእንቁላል የሚስማማው 37.5 ዲግሪ ነው ያለህ? ርካሽ ቴርሞሜትር አንድ ዲግሪ ቢሳሳት የሚያስገርም አይደለም። ለክፍል ሙቀት አንድ ዲግሪ ምንም ማለት አይደለም። ለእንቁላል ግን በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ርቀት ነው።

ታዲያ በምን እንፈትሸው? ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ «የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ነው፣ እሱ ውስጥ ክተተው» ይላሉ። እዚህ አይሠራም! ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ከፍ ያለ አገር ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ባሕር ዳር 94 ገደማ ነው። ባቄላው እዚህ ለምን አልበስል ብሎ እንደሚያስቸግር አሁን ገባችሁ? በፈላ ውሃ ፈትሻችሁ ቴርሞሜትሩን «8 ዲግሪ ይሳሳታል» ብትሉ፣ እንከን የሌለውን ዕቃ ራሳችሁ ታበላሹታላችሁ። ደግሞም እኛ 100 ዲግሪ ላይ ምን ጉዳይ አለን? ጉዳያችን 37.5 ላይ ነው።

37.5 አካባቢ በትክክል የሚለካ ዕቃ ደግሞ በየቤታችሁ አለ፤ የትኩሳት መለኪያው። ከፋርማሲ የምትገዙት፣ ለልጅ ትኩሳት የምታወጡት። እሱ የተሠራው ከ35 እስከ 42 ላለው ብቻ ነው። እንዲህ አድርጉ፦ በፔርሙስ ወይም በወፍራም ኩባያ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጁ፤ 38 ዲግሪ ገደማ፣ እጃችሁን ብትከቱት ለብ የሚል እንጂ የማያቃጥል። የትኩሳት መለኪያውን ጫፍና የማሽኑን ሴንሰር ጎን ለጎን ክተቱ። ውሃውን እያማሰላችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆዩ። ባለ መስታወት ከሆነ አስቀድማችሁ አራግፉት፤ ዲጂታል ከሆነ ጫፉን ብቻ ንከሩ። ውሃው ከ42 በላይ አይሁን፣ መለኪያውን ይጎዳዋል። የትኩሳቱ 37.8 ብሎ ማሽኑ 38.4 ካለ፣ ማሽናችሁ 0.6 ጨምሮ ይዋሻል ማለት ነው። 37.5 እያለ እንቁላሉን 36.9 ላይ ያስተኛዋል። ጫጩቱ በ21 ቀን አልወጣ ብሎ በ23 ቀን ሲንፏቀቅ ለምን ትገረማላችሁ?

እዚህ ካላችሁት ማሽን በእጃቸው የሠሩ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እጅ እስኪ… ብዙ ናችሁ። መቆጣጠሪያችሁ ያቺ ባለ 12 ቮልት፣ ሦስት ቁልፍ ያላት፣ ደብሊው 1209 የምትባለው ከሆነች ይህን ጻፉ። የመጀመሪያውን ቁልፍ አምስት ሰከንድ ያህል ይዛችሁ ስትቆዩ ፒ0 ይመጣል። ከፋብሪካ ስትወጣ ለማቀዝቀዝ ተብላ ሲ ላይ ናት፤ ለማሞቅ ወደ ኤች ቀይሯት። ቀጥሎ ፒ1። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው። ፒ1 የሚያሞቀው አምፖል ጠፍቶ እስኪበራ ስንት ዲግሪ ይውረድ የሚለው ነው፤ ስትገዟት 2 ዲግሪ ላይ ናት። 37.5 ሞልታችሁ ብትተዉት 37.5 ላይ ታጠፋለች፣ ተመልሳ የምታበራው 35.5 ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ወጣ ወረድ! 0.2 አድርጉት። ፒ4 ደግሞ ማረሚያው ነው፤ በምሳሌያችን 0.6 ከፍ አድርጋ ስለምትናገር «ሲቀነስ 0.6» ብላችሁ ሙሉ። ከዚያ በኋላ የምታሳየው ቁጥር እውነት ነው።

የእርጥበት መለኪያውስ? እሱ ከሙቀቱ የባሰ ውሸታም ነው። ግን መፈተሻው ወጥ ቤት አለ፤ ጨው። በጠርሙስ ክዳን የምግብ ጨው አድርጉ፣ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ውሃ አርጥቡት፤ ጨው እንዲሟሟ አይደለም፣ እንዲርስ ብቻ። ክዳኑንና መለኪያውን አንድ ላይ በደንብ በሚዘጋ ግልጽ ዕቃ ክተቱና ከማታ እስከ ጠዋት ተዉት። እርጥብ ጨው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አየሩን 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። ይህ ነገር እንደ ፈላ ውሃው በከፍታ አይለወጥም፤ ማርቆስም ጅቡቲም ያው ነው። ጠዋት መለኪያው 68 ካለ፣ ከዚያ ወዲያ በሚለው ላይ 7 ጨምራችሁ አንብቡ። በወረቀት ጽፋችሁ ጀርባው ላይ ለጥፉት።

ሁለተኛ፣ ሙቀት።

ማራገቢያ ያለው ማሽን 37.5። ማራገቢያ የሌለው ከ38.3 እስከ 38.9፣ ያውም በእንቁላሉ አናት ልክ ሲለካ። ለምን ይለያያል? ማራገቢያ በሌለበት ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ የእንቁላሉ አናት ሞቆ እግሩ ይቀዘቅዛል። አናቱ 38.5 ሲሆን ነው መሐሉ ደህና የሚሆነው። አንዳንዱ ማራገቢያ የሌለውን ሳጥን በ37.5 ይሞላና ሴንሰሩን ደግሞ ክዳኑ ሥር ያንጠለጥለዋል። ክዳኑ 37.5፣ እንቁላሉ 35! ሴንሰሩ እንቁላሉ ካለበት ከፍታ ይሁን፤ አምፖሉን አይየው፣ የማራገቢያው ነፋስ በቀጥታ አይምታው፣ እንቁላል አይንካው።

እንቁላል ከመክተታችሁ በፊት ማሽኑን ከነውሃው 24 ሰዓት ባዶውን አሠሩት። ያንን የተፈተሸ ቴርሞሜትር በአራቱም ማዕዘን እያዘዋወራችሁ አንብቡ። ከማዕዘን ማዕዘን ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከተለያየ ማራገቢያውን አዙሩ፣ አምፖሉን በቆርቆሮ ጋርዱ፣ ካልሆነም ትሪዎቹን በየቀኑ ቦታ አቀያይሩ። ጫጩት ሁለት ቀን ሙሉ አንድ አንድ እያለ ሲንጠባጠብ ካያችሁ፣ ወይ ሳጥኑ አንድ ዓይነት አልሞቀም፣ ወይ የትናንትና የሁለት ሳምንት እንቁላል ደባልቃችኋል። እንቁላል ከሰባት ቀን በላይ አታቆዩ፤ የሾለው ጫፍ ወደ ታች ሆኖ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ሳይታጠብ። በመኪና ተንገጫግጮ ከመጣ ደግሞ ግማሽ ቀን አሳርፉት።

ስለ አምፖል አንድ ቃል። አንድ ትልቅ ከምታደርጉ ሁለት ትንንሽ አድርጉ። አንዱ ሌሊት ቢቃጠል ሌላው እስኪነጋ ያቆይላችኋል። ትልቅ አምፖል ደግሞ ቢጠፋም ግለቱ ይቀጥልና ከሞላችሁት ቁጥር ያሳልፋል። የዛሬ ጊዜ ኤልኢዲ ይሞቃል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ባለ ክሩ አምፖል ነው የሚያሞቀው።

አሁን የምላችሁን በደንብ ስሙ፤ ዋጋው ብዙ ነው። የመቆጣጠሪያዋ ማብሪያ፣ ያቺ ጠቅ ጠቅ የምትለዋ፣ በቀን መቶ ጊዜ ስታበራ ስታጠፋ ከርማ አንድ ቀን ተጣብቃ ትቀራለች። አምፖሉ አይጠፋም። ሌሊት ከሆነ ጠዋት የምታገኙት ቅቅል ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሁለተኛ እንደሷ ያለች መቆጣጠሪያ ግዙ፣ ማራገቢያ ላለው ማሽን 38.5 ላይ ሙሉ፣ ወደ አምፖሉ የሚሄደው መስመር በሁለቱም ውስጥ ተከታትሎ እንዲያልፍ አስቀጥሉ። አንዷ ብትጣበቅ ሌላዋ ትቆርጠዋለች። መስመሩን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይቀጥለው፤ 220 ቮልት ቀልድ አያውቅም።

ሽል ሙቀትን አይችልም፣ ብርድን ግን ለጊዜው ይችላል። ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ከ39.5 በላይ ለሰዓታት ከቆየ አለቀ። ወደ 30 ቢወርድ ግን ይዘገያል እንጂ ሁልጊዜ አይሞትም። እናትዬዋም እኮ በቀን አንዴ ተነሥታ ጥሬ ለቅማ፣ ውሃ ጠጥታ፣ አፈር ታጥባ ትመለሳለች።

እንግዲህ ወደ መብራት መጥፋት መጣን። መብራት ጠፋ። ምን እናድርግ? መጀመሪያ፦ አትክፈቱ! ልየው ብሎ መክፈት ነው የሚያቀዘቅዘው። በጋቢ፣ በብርድ ልብስ አልብሱት። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሰዓት ሌላ ምንም አታድርጉ። ከዚያ በላይ ከቆየ፣ እጅ በሚያቃጥል ግን ባልፈላ ውሃ ሁለት ሃይላንድ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ እንቁላሉን ሳይነካ ከጎን አስገቡ፤ ሲቀዘቅዝ ቀይሩ። ከሰል አታስጠጉ! ጭሱ ባይታይ እንኳ የከሰል ጋዝ ሽሉንም ይገድላል፣ በዚያች ክፍል ያደረውንም ሰው ይገድላል። ከ18ኛው ቀን በኋላ ከሆነ ደግሞ አለባበሱ ይለያል፤ ያን ጊዜ ጫጩቱ ራሱ ይሞቃል፣ ራሱም ይተነፍሳል፣ ስለዚህ የአየር ቀዳዳውን አትድፈኑ። ሙቀት ፈልጋችሁ ታፍኑታላችሁ። መብራት ሲመጣ ማራገቢያው መዞሩን በጆሯችሁ አረጋግጡ። ማራገቢያ ቆሞ አምፖል ብቻ ሲሠራ ላይኛው ትሪ ይጠበሳል።

ሦስተኛ፣ እርጥበት።

ጃንጥላ የያዛችሁ አላችሁ? «አሁን ክረምት ነው፣ አየሩ ረጥቧል፣ ውሃ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ደመና መሬት ነክቶ፣ እንጅባራ በሐምሌ ሌሊት 12 ዲግሪ ሆኖ፣ አየሩ እርጥበት እስኪበቃው ጠግቦ እንበል። ያ አየር ማሽናችሁ ውስጥ ገብቶ 37.5 ሲሞቅ እርጥበቱ ስንት ይሆናል? 22 በመቶ ገደማ! የት ሄደ? የትም አልሄደም። የሞላ ስኒ ጣሳ ላይ ብትገለብጡት ጣሳው ይሞላል? ሙቅ አየር ትልቅ ጣሳ ነው። ስለዚህ በክረምትም ውሃ ያስፈልጋል፤ በጥርና በየካቲትማ አትጠይቁኝ።

ከመጀመሪያው ቀን እስከ 18ኛው ከ45 እስከ 55 በመቶ፤ ከዚያ እስኪያልቅ ከ65 እስከ 70። መመሪያው የሚለው ይህን ነው። እኔ ለማርቆስ፣ ለእንጅባራ፣ ለሞጣ ደጋ ወደ 55 ተጠጉ እላለሁ። ምክንያቱም እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ከእንቁላል ቀዳዳ ውሃ ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ይወጣል። በዚያው ላይ እዚህ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሲተያይ በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ ወደ መጨረሻ የማሽኑን የአየር ቀዳዳ ሰፋ ማድረግ ግድ ነው። ቀዳዳ ሲሰፋ ደግሞ ይደርቃል። ምን ይሻላል? ቀዳዳውን አትድፈኑ፣ የውሃውን ስፋት ጨምሩ።

ስፋት ነው ያልሁት! ጥልቀት አይደለም። ጠባብ ጣሳ እስከ አፉ ብትሞሉት ያው ነው፤ ውሃ የሚተነው ከላዩ ነው። ዝርግ ሳሕን አድርጉ። ካነሰ ስፖንጅ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ከውሃው ከፊል አውጥታችሁ አቁሙበት። ከበዛ ሳሕኑን ከፊሉን ክደኑ። ውሃ ስትጨምሩ ለብ ያለ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሙቀቱን ያወርደዋል። ከውጭ በቀጭን ቱቦ ብታስገቡት ደግሞ ክዳን መክፈት ቀረላችሁ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእርጥበት ነገር ከመለኪያው የበለጠ የማምነው ሚዛን ነው። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን። እንቁላል በ18 ቀን ከክብደቱ 12 በመቶ ገደማ ውሃ ማጣት አለበት። ማጣት አለበት! ካላጣ የአየር ክፍሉ ጠባብ ይሆንና ጫጩቱ የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስብበት ቦታ ያጣል። ስሌቱን ላቅልላችሁ። 30 የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል፣ እያንዳንዱ 50 ግራም፣ 1,500 ግራም ነው። በ18 ቀን 180 ግራም ይጥላል። በቀን ስንት ሆነ? 10 ግራም። በ7ኛው ቀን 1,430፣ በ14ኛው 1,360፣ በ18ኛው 1,320። የአበሻ ዶሮ እንቁላል ከሆነ ወደ 40 ግራም ነው፤ ሠላሳው 1,200 ይመዝናል፣ በቀን 8 ግራም ይጥላል። በ7ኛው ቀን በመብራት ስትፈትሹ ያልዳበረውን ካወጣችሁ፣ የቀረውን እንደገና መዝናችሁ ከዚያ ቀጥሉ።

ታዲያ 1,430 ይሆናል ያላችሁት 1,400 ቢሆንስ? ደርቋል፤ ውሃ ጨምሩ። 1,460 ቢሆን? በዝቷል፤ ሳሕኑን ክደኑ። አትደንግጡ፣ ጊዜ አላችሁ። በሙቀትና በእርጥበት መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው፦ እርጥበት የ18 ቀን ድምሩ ነው የሚታየው፣ ዛሬ ቢያንስ ነገ ይካካሳል። ሙቀት ግን የዛሬውን ነገ አትክሱትም።

አሁን 18ኛው ቀን ደረሰ። ማገላበጥ አቁሙ። እስከዚያ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ስታገላብጡ ቆይታችኋል፤ ሦስት፣ ጎዶሎ ቁጥር፣ ያልሁት ሌሊቱን ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ እንዳያድር ነው። ውሃውን ጨምሩ፣ ቀዳዳውን ክፈቱ፣ ክዳኑን ዝጉ። ከዚያ እጃችሁን አጣጥፉ። ፈተናው ይኸ ነው። 20ኛው ቀን ላይ ጭው ጭው ሲል ይሰማል፣ አንዱ ቅርፊቱን ቀድዶ ምንቃሩን አውጥቶ ይታያል፣ ስድስት ሰዓት አለፈው፣ አልወጣም። «ልርዳው» ትላላችሁ። ትከፍታላችሁ። 70 የነበረው እርጥበት በአንድ አፍታ ይወርዳል፣ ሌሎቹ ቀድደው የጀመሩት ስስ ሽፋናቸው ደርቆ እንደ ላስቲክ ይጠመጠምባቸዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ስለ ሌላ አይመስለኝም። ከቀደደበት እስኪወጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቢፈጅ ጤና ነው። የወጣውም ቢሆን አስኳሉን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የወጣው፤ አንድ ቀን ሙሉ ሳይበላ ማሽኑ ውስጥ ቢቆይ አይርበውም።

ያልተፈለፈለውን እንቁላል አትጣሉ። 22ኛው ቀን አልፎ፣ 23ኛውም አልፎ ዝም ካለ፣ ውጭ አውጥታችሁ አንድ በአንድ ስበሩት። ይሸታል፤ ታገሡ። ውስጡ ንጹሕ አስኳል ከሆነ አልዳበረም፤ ማሽኑን አትውቀሱ፣ አውራውን ጠይቁ። ከሱቅ የተገዛ፣ አውራ ያላየች የእንቁላል ዶሮ ከጣለችው ከሆነማ 100 ቀን ብታሞቁትም ያው ነው። የደም ቀለበት ካያችሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞቷል፤ እንቁላሉ አርጅቷል ወይም አንድ ሌሊት ግሏል። ጫጩቱ ሙሉ ሆኖ፣ አብጦ፣ በውሃ ርሶ፣ ሳይቀድድ ከሞተ እርጥበት በዝቶበታል። ቀድዶ፣ ሽፋኑ ደርቆ ተጣብቆበት ከሞተ ደርቋል፣ ወይም ከፍታችሁበታል። በ19 እና በ20 ቀን ተጣድፈው ወጥተው፣ ትንንሽ ሆነው፣ እምብርታቸው ያልተዘጋ ከሆነ ሙቀት በዝቷል። በ22 እና በ23 ቀን ሆዳቸው ትልቅና ለስላሳ ሆኖ፣ መቆም እያቃታቸው ከመጡ ሙቀት አንሷል። እነዚህን በደብተር ጻፉ፤ በዚህ ዙር ስንት፣ በዚያ ዙር ስንት። በአንድ ዙር ከአንድ ነገር በላይ አትቀይሩ። ሙቀትም እርጥበትም ማገላበጥም አንድ ላይ ከቀየራችሁ የቱ እንዳዳናችሁ፣ የቱ እንደጎዳችሁ በምን ታውቃላችሁ?

ጥያቄ እንዳላችሁ አያለሁ፤ ጋሼም እጃቸውን ካነሡ ቆይተዋል። ግን ከጥያቄው በፊት፣ ዕቃችሁን አምጡ ተብላችሁ ነበር አይደል? ቴርሞሜትር ያመጣችሁ፣ ሴንሰሯን ነቅላችሁ ያመጣችሁ፣ ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ። ፔርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ አሁን 38 አካባቢ ነው፣ የትኩሳት መለኪያውም ይኸው። አንድ በአንድ እንክተታቸውና የስንቱ እንደሚዋሽ እንይ። እማማ፣ ከእርስዎ እንጀምር።